የእናቴ የእንግሊዝኛ ደብተር

ማክሰኞ ማታ እናቴ ከሥራ ትመለሳለች፣ ቡናዋን ትጠጣለች፣ ከዚያ ደብተሯን በፌስታል ይዛ ወደ ሰፈራችን ማትናስ ትሄዳለች። እንግሊዝኛ ልትማር ነው። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስትመጣ ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር፤ አሁን ሃምሳን አልፋለች።

የምትሠራው ሆቴል ውስጥ ክፍል በማጽዳት ነው። የፎቅ ኃላፊ ለመሆን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል ተብላለች። "ኃላፊነቱ ቢቀርም ይቅር፣ እንግዳው የሚለኝን ልስማ" ትላለች። "ስንት ዓመት ሙሉ ለሁሉም 'የስ' እያልኩ ልኑር?"

አንድ ማታ አብሬያት ክፍል ገባሁ። መጽሐፉ ለዕብራይስጥ ተናጋሪ የተዘጋጀ ነው። ትእዛዙም ትርጉሙም በዕብራይስጥ፣ ያውም ያለ ኒቁድ። እናቴ ዕብራይስጥን የተማረችው በጆሮዋ ነው። ከአለቃዋ ጋር በደንብ ትከራከርበታለች፣ ማንበቡ ላይ ግን ትንገዳገዳለች። ስለዚህ የአንዲት እንግሊዝኛ ቃል ፍቺ ለማወቅ መጀመሪያ ከዕብራይስጡ ጋር መታገል አለባት። ፊደል ግን ገና ጎንደር ሳለች ከወንድሟ ተምራለች። ደብተሯ ላይ "ታወል - ፎጣ"፣ "ፒሎው - ትራስ" እያለች በፊደል ትጽፋለች። አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ፣ አናባቢውም ከፊደሉ ጋር አብሮ ስላለ ይቀናታል።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ከጎንደር ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ እዚያ 12ኛ ክፍል ጨርሳለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ባዮሎጂውንም ሒሳቡንም የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ለምን ጀማሪዎች ጋር ተቀመጠች? የመመደቢያው ወረቀት በዕብራይስጥ ስለነበረ! እኔ እዚህ ተወልጄ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እንኳ ከእሷ የተሻለ እንግሊዝኛ ይዤ አይመስለኝም።

መምህሯ ሁለት ሳምንት ታግላ መጽሐፉን ዘጋችው። አሁን ተማሪዎቹ ከሥራ ቦታቸው ዕቃ ያመጣሉ፦ የሻምፑ ጠርሙስ፣ የማጽጃ ኬሚካል መለያ፣ በር ላይ የሚንጠለጠለው "አትረብሹ" የሚል ካርድ። እያንዳንዷ ስለ ዕቃዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፣ መምህሯ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ የዕለቱ ንባብም እሱ ይሆናል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ስደተኞችን የሚያስተምሩ ሰዎች ከቆዩ ጀምሮ ይሠሩበታል።

ፊደልም ቢሆን ሁሉን አይችልም። እንግሊዝኛ ውስጥ "መኖር" እና "መልቀቅ" የሚለያዩት ድምፁ አጥሮ ወይም ረዝሞ ነው፤ በፊደል ስንጽፋቸው ሁለቱም "ሊቭ" ናቸው። አንድ ጊዜ እንግዳ "ነገ እንለቃለን" ሲላት እናቴ የሚቆዩ መስሏት አለፈች። በሆቴል ሥራ ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም። የሚለቀቀው ክፍል አንሶላው በሙሉ ይቀየራል፣ የሚቆየው ግን አልጋው ይነጠፋል ብቻ። አሁን ረጅሙን "ሊቭ" ከላዩ ሰረዝ አድርጋ ትለየዋለች።

ዕብራይስጡም የሚረዳበት ቦታ አለ። በአማርኛ "ፎጣ እፈልጋለሁ" ስንል ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን እንደ ዕብራይስጡ "እኔ - እፈልጋለሁ - ፎጣ" ይላል። እናቴ ዓረፍተ ነገሩን በዕብራይስጥ አስባ በእንግሊዝኛ ስትናገረው ይስተካከላል።

ቤት ውስጥ ምን አለን? አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አለ፤ የአጎቴ ነው፣ ሽፋኑ ተገንጥሏል። አውቶቡስ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ በ1959 የጀመረውን ቀላል እንግሊዝኛ ታዳምጣለች። 1,500 በሚያህሉ ቃላት፣ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ዝግጅት ነው፤ የቆዩ ቅጂዎች ኢንተርኔት ላይ አሉ። እዚህ አገር ላለ ሠራተኛ በአማርኛ የተዘጋጀ ቀጭን መጽሐፍ ፈልጌ ግን አላገኘሁም።

ይሄን ስነግራት እናቴ ሳቀች። "ታዲያ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ምን ተማርሽ? ጻፊልኛ!"

ጀመርን። እስካሁን 64 ቃል ደርሰናል። የትናንቱ "ሌት ቼክአውት" ነው። ፍቺውን ራሷ ናት ያጻፈችኝ፦ "እንግዳው አርፍዶ ይወጣል፣ እኔም አምሽቼ ቤቴ እገባለሁ።"