የአነስተኛ ሞተሮች ነዳጅ በጎንደርና አካባቢው

የአነስተኛ ሞተሮች ነዳጅ ለውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ለጄኔሬተር፣ ለሞተር መጋዝ እና ለመሳሰሉት መሣሪያዎች የሚውል ቤንዚን ወይም ናፍጣ ነው። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ እነዚህ ሞተሮች ለመስኖ፣ መብራት ሲጠፋ ለሱቅና ለፀጉር ቤት፣ እንዲሁም ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ ያገለግላሉ።

የነዳጁ ዓይነት

የሚሞላውን ነዳጅ የሚወስነው ሞተሩ እንጂ የነዳጁ ዋጋ አይደለም። ካንዴላ ያለው ሞተር በቤንዚን፣ ካንዴላ የሌለው ደግሞ በናፍጣ ይሠራል። ናፍጣ የራሱን ፓምፕና ኖዝል ስለሚያለሰልስ በናፍጣ ሞተር ቤንዚን መሙላት እነዚህን ክፍሎች ይበላል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በበኩሉ ያጨሳል፣ ሞተሩንም ያንኳኳል። በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን መለየት ያስቸግራል። የኢትዮጵያ ነዳጅ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ስለሚገባ፣ እጥረት ሲፈጠር ይህ ንግድ ይስፋፋል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ሕገ ወጥ የነዳጅ ሽያጭን ያስቀጣል።

አብዛኛው የሞተር መጋዝ ቱ ስትሮክ ነው። የራሱ የዘይት መያዣ ስለሌለው ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። አምራቹ 50 ለ1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ካለ 200 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ያስፈልጋል። ዘይት የሌለው ቤንዚን ፒስተኑን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጣብቀው ይችላል። ጄኔሬተርና የውሃ መሳቢያ በአብዛኛው ፎር ስትሮክ በመሆናቸው ንጹሕ ቤንዚን ይበቃቸዋል።

ከፍታ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በየ300 ሜትሩ ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ለ7 የፈረስ ጉልበት የተሠራ ሞተር ጎንደር ላይ የሚሰጠው 5 ተኩል ገደማ ነው። አየሩ ስስ ሆኖ ካርቡሬተሩ ግን የቆላውን ያህል ቤንዚን ስለሚያሳልፍ ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፍጆታውም ይጨምራል። መፍትሔው በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ነው። ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ውድ ቤንዚን የጠፋውን ጉልበት አይመልስም፤ በስስ አየር ላይ የሞተሩ የኦክቴን ፍላጎት እንዲያውም ይቀንሳል።

አቀማመጥ

በመስኖ ወራት የሚሠራ ፓምፕ ክረምቱን ያለ ሥራ ይቆማል። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ ቀሪው ሙጫ መሰል ሆኖ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። በጥቅምት «አልነሳ» የሚለው ፓምፕ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ነው። ከማስቀመጥ በፊት የነዳጁን ቧንቧ ዘግቶ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ማስነሳት ይከላከለዋል። ናፍጣ ከቤንዚን የተሻለ ይቆያል፤ ሆኖም ውሃ እንዳይገባበት በርሜሉ በደንብ መከደን አለበት።

አደጋ

ፓምፕ ውሃ አልስብ ሲል ነዳጁ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን አንዳንድ ጊዜ የከፍታው ነው። ውሃን ወደ ቱቦው የሚገፋው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ 10 ሜትር ያህል ሊያወጣው ሲችል፣ በጎንደር 8 ሜትር አካባቢ ነው፤ በተግባር ከ5 እስከ 6 ሜትር ብቻ ይገኛል። አንዳንድ ሰው ይህን ለማካካስ ሞተሩን ወደ ጉድጓድ ውስጥ ያወርደዋል። ይህ ገዳይ ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጉድጓድ ውስጥ ተከማችቶ የወረደውንም፣ ሊያወጣው የወረደውንም ሊገድል ይችላል፤ የወፈረ ድብልቅ ደግሞ መጠኑን ይጨምረዋል። በተዘጋ ቤት የተነሳ ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው። ለጥልቅ ጉድጓድ የሚሆነው በኤሌክትሪክ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ነው።