ቅሪ አልላትም

ጥር ሲገባ የክትትል ክፍላችን ጥያቄ ይለወጣል። በታኅሣሥ የምሰማው ስለ ማቅለሽለሽ፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ሆድ ስለሚያደርቀው የብረት ኪኒን ነበር። ገና ካለፈ ወዲህ ግን ደም ግፊት ስለካም፣ ሆድ ስዳስስም የሚቀርብልኝ አንድ ነው፤ «ሲስተር፣ ለጥምቀት ጃን ሜዳ ልውጣ ወይስ ልቅር?» አንዳንዷ ቀሚሷን አሰፍታ ጨርሳለች፤ ከእኔ የምትፈልገው ባሏን ዝም የምታሰኝበት ቃል ነው። ሌላዋ አማቷን አስከትላ ትመጣለች። አማትየዋ ገና ሳይቀመጡ «እስቲ አንቺ ንገሪያት፤ እኔንስ አልሰማ ብላለች» ይሉኛል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራበት ጤና ጣቢያ ከጃን ሜዳ ብዙ አይርቅም፤ በከተራ ዕለት ታቦታቱ ሲያልፉ እልልታውና ከበሮው እስከ ማዋለጃ ክፍሉ ይሰማል። «ቅሪ» ብሎ መገላገል ለእኔ ቀላሉ መልስ ነው፤ ምንም ቢመጣ አልጠየቅበትም። ግን አልለውም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እየተባለ በሚተረትበት አገር፣ ቅሪ የተባለች ሴት መውጣቷ አይቀርም። ከወጣች በኋላ ብትገፋም ብትወድቅም «ነግሬሽ አልነበር?» መባልን ፈርታ ትደብቃለች። ከመውጣቷ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ መደበቋ ነው።

አማትየዋን ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። «እማማ፣ ቤት ብትቀር በከተራ ዕለት ምን ትሠራለች?»

«ምን ትሠራለች! እንጀራው አለ፣ ዶሮው አለ፣ ቤቱስ በማን ይወለወላል?»

ስምንት ወር የገባች ሴት ምጣድ ፊት በጭስና በግለት ስትቆም፣ ሽንኩርት ስታቁላላ፣ በውኃ የተሞላ ጀሪካን ስታነሳ መዋሏን ማንም አይከለክላትም። ክልከላው የሚመጣው ደስ የሚላትን ነገር ስትጠይቅ ነው። እኔ ብጠየቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምከለክለው ጀሪካኑን ነው።

እርግጥ ቅሪ የምላቸውም አሉ። በዚህኛው እርግዝና ደም የታያት፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀን አፍ ላይ መቀመጡ በአልትራሳውንድ የተነገራት፣ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ በቅርብ የምንከታተላት፣ የማሕፀን በሯ የተሰፋ፣ መንታ ይዛ ወሯ የገፋ፤ እነዚህ በቴሌቪዥን ይዩት። ከእነሱ ጋር ክርክር አልገባም።

ሦስት ወር ያልሞላት ሴት ሆዷ ስላልታየ ማንም ቦታ አይለቅላትም። ማሕፀኗ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በዳሌ አጥንት ውስጥ ተከልሎ ስለሚቆይ ግፊያው ለፅንሱ ብዙም አያሰጋም፤ የእሷ ችግር ማቅለሽለሹና ራስ ማዞሩ ነው። ሰባት ወር ያለፋት ግን ሌላ ናት። የደሟ መጠን ከወትሮው በግማሽ ገደማ ጨምሯል፤ የደም ሥሮቿ ላልተዋል፤ የከበደው ማሕፀን ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ሥር ይጫነዋል። እንዲህ ያለች ሴት አንድ ቦታ ረጅም ሰዓት ከቆመች ደሙ እግሯ ላይ ይጠራቀምና ዓይኗ ይጨልምባታል። ስትራመድ ግን የባቷ ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን እመክራለሁ፤ ጃን ሜዳ ገብቶ ቆሞ ከማምሸት ከደብሯ ታቦት ጋር መራመድ ይሻላታል። ታቦቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲወጣ ትጀምር፣ ከሰዉ ኋላ ኋላ ቀስ እያለች ትከተል፣ ሲደክማት ዳር ይዛ ትቀመጥ፣ ሳይመሽ ትመለስ። ሸኝታለች፤ ማንም ጎደለ አይላትም። ማደሩ ይቅርባት፤ የጥር ሌሊት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ እንቅልፉም የለም።

አብሯት የሚሄደውንም እጠይቃለሁ። «እህቴ አለች» ትለኛለች። እህቷ ዘማሪት ሆና ትገኛለች፤ የደንብ ልብሷን ለብሳ ሰልፍ ከገባች በኋላ እስከ ማታ የማትገኝ ሰው ናት። ተከታይ ማለት እሷ «ደከመኝ» ስትል በዓሉን ትቶ አብሯት የሚመለስ ነው። ባል ለዚህ ይሆናል፤ ጓደኞቹን ካላገኘ።

ከበሮው ልጁን ይጎዳው እንደሆነ የሚጠይቁኝም አሉ። ስድስት ወር ያለፈው ፅንስ ድምፅ ይሰማል፤ መዝሙሩ ሲደምቅ ሆዳቸው ውስጥ እንደሚፈራገጥ ብዙ እናቶች ነግረውኛል። ከድምፅ ማጉያው ሥር አትቁሙ እንጂ በአንድ ቀን ከበሮ የሚሆን ነገር የለም። (አንዷ «ዲያቆን ሊሆን ነው» ብላኝ ነበር፤ ሴት ልጅ ወለደች።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ውኃው። የምለው ስለሚጠጣው ነው። በበዓሉ ሰሞን ወደ እኛ ከሚመጡት ነፍሰ ጡሮች ተገፍታ የመጣችው ጥቂት ናት፤ ሳትጠጣ ውላ የመጣችው ትበዛለች። ምክንያቱን ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ሽንት ቤቱ ጥቂት ነው፤ ያለውም ወረፋው አይደፈርም። ፅንሱ ፊኛዋን እየተጫነባት በየሰዓቱ የምትሸና ሴት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ነጭ ቀሚስ ለብሳ የት ትሂድ? ወንዱ ግድግዳ አያጣም። እሷ ግን ከቤት ሳትወጣ አስባ ትወስናለች፤ አልጠጣም። ከተራ ደግሞ ገሃድ ነው፤ እህል ሳትቀምስ የወጣችም አለች። የጥር ፀሐይ በደጋ አየር ቀዝቃዛ ስለሚመስል ያዘናጋል እንጂ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ፀሐይ በነጠላ አይመለስም። ማታ ስትደርስልን ከንፈሯ ደርቋል፣ ሽንቷ ጠቁሯል፣ ሆዷ እየቆየ ቁርጥ ቁርጥ ያደርጋታል። ምጥ መስሏት ደንግጣለች። ብዙውን ጊዜ ጉሉኮስ ተሰቅሎላት፣ በግራ ጎኗ ተኝታ ጥቂት ስትቆይ ይተዋታል።

የከፋው ቆይቶ የሚመጣው ነው። ሽንት ቋጥሮ መዋል ለኢንፌክሽን መንገድ ይጠርጋል። በእርግዝና ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወደ ኩላሊት መውጣት ይቀለዋል፤ ኩላሊት የደረሰ ኢንፌክሽን ደግሞ ያለ ወሩ ምጥ ሊያመጣ ይችላል። እናም ለሚወጡት የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ያስቃቸዋል፤ በመንገድሽ ላይ ዘመድ ፈልጊ እላለሁ። ስድስት ኪሎ፣ ፈረንሳይ ወይም ቀበና አንድ የምታውቀው ቤት የሌላት አዲስ አበቤ የለችም ባይባልም ጥቂት ናት። ቀድማ ትደውል፤ በአካባቢው ስትደርስ ገብታ ትሽና፣ ትጠጣ፣ እግሯን ሰቅላ ትረፍ። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቷን አስቀድማ ታነጋግር፤ እስከዛሬ ነፍሰ ጡርን «የግድ ጹሚ» ያለ አባት አልገጠመኝም። ብዙዎቹ ሴቶች ራሳቸው ሳይጠይቁ ነው በራሳቸው ላይ የሚፈርዱት።

ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ከመዘገበው ወዲህ ስለ እንግዳው፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ አደባባዩ ማስዋቢያ ብዙ ይወራል። በዝግጅት ስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች ሽንት ቤት እጁን አውጥቶ የሚናገር ሰው ካለ፣ ያንን እጅ ብስም ደስ ይለኛል።

ስለ ግፊያው ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። ሰው መብዛቱ ብቻውን አደጋ አይሆንም፤ አደጋው የሚፈጠረው ሰዉ በዝቶ መውጫ ሲጠፋ ነው። ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን ወደ ዳር የሚመልሱበት ጠርዝ፣ የሜዳው መግቢያ በር፣ የአጥር ጥግ፣ ፀበሉ የሚረጭበት ዙሪያ፤ ከእነዚህ ትራቅ። ፀበሉ ሩቅ ድረስ ይረጫል፤ ከኋላ ያለው ግን የሚደርሰው አይመስለውምና ይገፋል። ውኃው ቢቀዘቅዝም አይጎዳትም፤ ጭቃው ላይ መንሸራተቷ ነው የሚያሳስበኝ። ሆዷ ወደ ፊት ስቧታል፣ መገጣጠሚያዋ ላልቷል። «ነይ እዚህ ላይ ውጪ» ብሎ ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ላይ ሊያስቀምጣት የሚሞክር ደግ ሰውም አይጠፋም። አመስግና መሬት ላይ ትቅር። በዚያው በ2012 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ በጥምቀት ዕለት ተደርምሶ ከ10 ያላነሱ ሰዎች ሞተዋል።

መጨናነቁ ሲጀምር ነፍሰ ጡር ከጎኗ ካለው ሰው ቀድማ ትዝላለች። ማሕፀኑ ድያፍራሟን ወደ ላይ ስለገፋው ስትተነፍስ ሳንባዋ ውስጥ የሚቀረው የአየር ክምችት በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የሚያስፈልጋት ኦክስጅን ደግሞ በዚያው ያህል ይጨምራል። ወደ ኋላ ለመመለስ አትታገል፤ አቅሟን ትጨርሳለች። ክንዶቿን ደረቷ ፊት አድርጋ ከሰዉ ጋር እየሄደች በአግድም ወደ ዳር ትውጣ። አፍራ ዝም አትበል፤ «እርጉዝ ነኝ!» ብላ ትጩህ። ይህን ቃል ሰምቶ መንገድ የማይከፍት ሰው በእኛ አገር ብዙ የለም።

ከተገፋች፣ ከወደቀች ወይም ክርን ሆዷን ካገኛት መምጣት አለባት፤ ምንም ባይሰማትም። ማሕፀን ጡንቻ ነው፤ ሲመታ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። እንግዴ ልጁ ግን እንደዚያ አይለጠጥም፤ ከተጣበቀበት ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። ሆዷ ላይ ሰንበር ላይታይ ይችላል። ደሙም ከውስጥ ታፍኖ ሊቀር ስለሚችል ቀሚሷ ንጹሕ መሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ለዚህ ነው ወደ ስድስተኛው ወር የተጠጋችውንና ከዚያ ያለፈችውን ቢያንስ ለ4 ሰዓት የልጁን ልብ ምትና የማሕፀኑን መኮማተር እየተከታተልን የምናቆያት። አብዛኞቹ በሰላም ይሸኛሉ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት በከንቱ አቆያችሁኝ?» የምትል አለች፤ በከንቱ እንዲሆን እኮ ነው ጸሎታችን። ደሟ ኔጋቲቭ የሆነች ደግሞ የሾተላዩን መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት ሊያስፈልጋት ይችላል፤ ስለዚህ የክትትል ካርዷን መቀነቷ ውስጥ ይዛ ትውጣ። ደሟ ምን እንደሆነ እዚያ ተጽፏል።

የካቲት 12 ሆስፒታል ከጃን ሜዳ በእግር የሚደረስ ነው። በእነዚያ ቀናት ግን መንገዱ ይዘጋል፤ ታክሲ ጥሩ ቢባል አይመጣም። በቅርብ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ካየች ወደ እሱ ትሂድ፤ ካላየች በ907 ትደውል፤ የቆመችበትን ቦታ ስም ቀድማ ትወቅ።

በበዓል ቀን የክትትል ክፍሉ ቢዘጋም ማዋለጃው አይዘጋም፤ ተረኛ አለ። ደም ወይም ውኃ ካየሽ፣ ሆድሽ ጠንክሮ አልላላ ካለሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ፣ «ቤት ገብቼ ልብስ ልቀይር» አትበይ። ጭቃ የነካው የጥምቀት ቀሚስ ለእኛ አዲስ አይደለም።