ሳቲን ላይ በመኪና ስንጠልፍ

ሳቲን ያምራል፤ ግን ሙልጭልጭ ነው። መርፌው ሲወጋው ይሸሻል፣ ይጨማደዳል። የባሰው ደግሞ ቀዳዳው ነው። ጥጥ ላይ የተበላሸ ጥልፍ ቢፈታ፣ ሲታጠብ ቀዳዳው ይጠፋል። ሳቲን ላይ ግን ይቀራል። ጨርቁ የሰው ከሆነማ ዕዳ ነው!

ታዲያ ምን ይሻላል? ሳቲኑን ብቻውን አንጥለፈው። ከሥሩ አቡጀዲ እናድርግና ሁለቱን በእጅ እናያይዛቸው። አቡጀዲ ስለማያንሸራትት ሳቲኑን ይይዘዋል። መወጠሪያውን ክብ በጨርቅ ጥብጣብ እንጠቅልለው። አንዳንዶች ጨርቁን እንደ ከበሮ ይወጥሩታል። ከክቡ ሲወጣ ግን ይሰበሰባል፤ ጥልፉም ይኮማተራል።

መርፌው አዲስና ቀጭን ይሁን። መርፌ ላይ 100 ተብሎ ከተጻፈ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው። 70 ከሆነ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ለሳቲን 70 ይበቃል። የደነዘ መርፌ የጨርቁን ክር ይመዛል።

ከዚያ የመኪናውን እግር እናውጣ፤ ጥርሱንም ዝቅ እናድርግ ወይም እንሸፍን። እግሩ ከወጣ ጣት ከመርፌው ይራቅ። መጀመሪያ በቁራጭ ሳቲን እንሞክር። ጨርቁ ከተጨማደደ የላዩን ክር ላላ እናድርገው።

ጥልፉ ሲያልቅ ትርፉን አቡጀዲ በመቀስ እንከርክም። ሳቲኑን እንዳንቆርጥ ሁለቱን በጣት እየለየን ነው።