ለጠያቂ የተከፈቱ መዛግብት

ቀድሞ አንድን የግእዝ መጽሐፍ ለመመርመር የፈለገ ሰው፣ መጽሐፉ የሚገኝበትን ገዳም ጠይቆ ዐውቆ፣ የመንገዱን ድካም ችሎ፣ አበምኔቱን አስፈቅዶ፣ ዕቃ ቤቱም ቍልፉን ይዞ እስኪመጣ ድረስ በትዕግሥት ጠብቆ ካልሆነ በቀር፣ ብራናውን በዓይኑ ለማየት አይችልም ነበር። ዛሬ ግን ያው ጠያቂ ወደ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጥያቄውን ቢያቀርብ፣ ሥራውን የሚያውቅ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከመደርደሪያው መጽሐፍ ከማውረዱ አስቀድሞ፣ በበይነ መረብ ላይ ለሁሉ ተከፍተው ወደሚገኙት መዛግብት ሊመራው ይችላል።

በይነ መረብ ስንዴውንም እንክርዳዱንም በአንድ አውድማ የሚያከማች ስፍራ ስለ ሆነ፣ ባለሙያው ለአንባቢ የሚጠቍማቸው ማጣቀሻዎች ከብዙዎቹ መካከል የተመረጡ ጥቂቶች ናቸው። ምርጫውም የሚካሄደው በሦስት ጥያቄዎች ነው፤ ይኸውም ጽሑፉን ያዘጋጀው ማን ነው፣ ያዘጋጀውስ ከምን ምንጭ ነው፣ ስሕተት ቢገኝበት የሚያርመው ማን ነው የሚሉት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ከአንባቢ ጋር የምናስተዋውቃቸው መዛግብት፣ ለኢትዮጵያ የጽሕፈት ቅርስ ማጣቀሻ ሆነው የቆሙና ለእነዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች የማያሻማ መልስ ያላቸው ናቸው። የሚጠቀሱትም ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቀዳሚነት የሚጠራው፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ ኮሌጅቪል በተባለው ስፍራ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት ነው። የዚያ ገዳም የቤኔዲክቶስ ሥርዐት መነኰሳት፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ አድባራትና ገዳማት ላይ ያደረሰውን ጥፋት ተመልክተው፣ ሌላ ጦርነት ቢነሣ ደግሞ የተረፈውም እንዳይጠፋ በመሥጋት፣ በ1965 ከኦስትሪያ ገዳማት ጀምረው የእጅ ጽሑፎችን በማይክሮፊልም ያነሡ ጀመር። መጻሕፍቱ ከባለቤቶቻቸው እጅ ሳይወጡ መልካቸው ብቻ በፊልም እንዲቀመጥ ማድረጋቸው፣ ብዙ ገዳማት በራቸውን በእምነት እንዲከፍቱላቸው ረዳ።

ይህ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረው በ1973 ነው። በፓትርያርኩ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ የአሜሪካው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው፣ የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የተባለውን፣ ሊቃውንቱም በእንግሊዝኛ አኅጽሮቱ ኢ ኤም ኤም ኤል እያሉ የሚጠሩትን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ በተቋቋመ በማግሥቱ ዓመት አብዮት ቢነሣም፣ አቡነ ቴዎፍሎስም ከመንበራቸው ወርደው ኋላ ቢገደሉም፣ የፊልሙ ሥራ ግን በዚያ ሁሉ ሁከት መካከል ቀጥሎ፣ ከአብያተ ክርስቲያናት፣ ከገዳማትና ከግለሰቦች ዘንድ የተገኙ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ።

ይሁን እንጂ ፊልም ማንሣት የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አልነበረም። ዘጠኝ ሺህ መጽሐፍ ምን ምን እንደ ያዘ የሚናገር መዝገብ ባይሠራለት ኖሮ፣ ከመካከሉ አንድ ድርሰት ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ቅጠሉን ሁሉ ሲገልጥ ዕድሜው ያልቅ ነበር። ይህን መዝገብ በመጀመሪያ የጻፉት ዊልያም ማኮምበር ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው ጋርና ከእርሳቸውም በኋላ ዋናውን ሸክም የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እኒህ የሸንኮራ ተወላጅ ሊቅ በ1975 በጥይት ተመትተው እግራቸው መንቀሳቀስ ከተሳነው በኋላ፣ በ1976 ወደ ኮሌጅቪል ሄደው፣ በመንኰራኵር ወንበር ተቀምጠው የግእዝ መጻሕፍትን ቅጠል በቅጠል እየመረመሩ ዐሥርተ ዓመታት አሳለፉ። የሁለቱ ሊቃውንት ድካም በ10 ጥራዝ ታትሞ የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ይገልጻል። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1988 የማክአርተርን ሽልማት ተቀብለው፣ በ2021 ዐረፉ።

የመዝገቡን ጠባይ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1832 ቍጥር የተመዘገበው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት ነው። መዝጋቢው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ “ወንጌል ነው” ብሎ ብቻ አያልፈውም፤ የት እንደሚገኝ፣ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ በየትኛው ዘመን እጅ እንደ ተጻፈ፣ ምን ምን ሥዕል እንዳለበት፣ ባዶ በቀሩት ቅጠሎችና በኅዳጉ ላይ ደግሞ ኋላ የተጨመረው ጽሑፍ ምን እንደሚል ይገልጻል። አባቶች የርስትና የጉልት ስጦታን፣ የንዋየ ቅድሳትን ዝርዝር፣ የስምምነትንም ቃል ማንም እንዳይሽረው ብለው በወንጌል ቅጠል ላይ ያሰፍሩት ስለ ነበር፣ የታሪክ ተመራማሪ ስለ መሬት ለማወቅ ሲፈልግ ወንጌል የሚገልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህንንም የሚጠቍመው መዝገቡ ነው እንጂ የመጽሐፉ ርእስ አይደለም።

ያ ሁሉ ሥራ ከ2015 ጀምሮ የንባብ ክፍል በተባለው የሂል ድረ ገጽ ላይ ለአንባቢ ቀርቧል። አንባቢው ያለ ክፍያ ስሙን አስመዝግቦ፣ በመጽሐፉ ቍጥር፣ በድርሰቱ ርእስ፣ በደራሲው ስም ወይም በቦታው ስም እየፈለገ፣ መግለጫውን ካነበበ በኋላ ቅጠሎቹን በገጸ ማያው ላይ መግለጥ ይችላል። ነገር ግን የማይክሮፊልሙ ሥዕል ጥቍርና ነጭ እንደ መሆኑ መጠን፣ የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም ከጥቍሩ ጎላ ብሎ አይለይም፤ ስለ ሐረግና ስለ ሥዕል ቀለም ለመናገር የሚሻ ሰውም በዚህ ብቻ ሊፈርድ አይገባውም። ሥዕሉን በመጽሐፍ ለማተም የሚፈልግ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው መዝገብ በጀርመን አገር፣ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም በተሰየመው የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል የተዘጋጀው “ቤተ መጻሕፍት” ነው። ማዕከሉ ይህን ስም መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሉዶልፍ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ከአባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ አፍ እየተማረ፣ ለአውሮፓ የግእዝንና የአማርኛን ጥናት የመሠረተ ሊቅ ነበርና። በ2016 የተጀመረው ይህ ሥራ 25 ዓመት እንዲቈይ የታቀደ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ድርሰት፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ፣ ለሰዎችና ለቦታዎችም የየራሳቸውን መለያ ቍጥር ይሰጣል። የሂሉ መዝገብ “ይህ መጽሐፍ ምን ይዟል?” ለሚለው ጥያቄ ሲመልስ፣ የሃምቡርጉ ደግሞ “ይህ ድርሰት በየትኞቹ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል?” የሚለውን ያስረዳል። አንዱ ገድል በኢትዮጵያ ገዳም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በሮም ተበታትኖ ቢገኝ፣ በአንድ ገጽ ተሰብስቦ ይታያል።

መጽሐፉን ያገኘ አንባቢ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መዝገበ ቃላት ነው። አውጉስት ዲልማን በ1865 በላይፕሲክ ያሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት በሃምቡርግ ሊቃውንት ትጋት ወደ በይነ መረብ ገብቷል፤ ቃሉን በፊደላችን ጽፎ መፈለግም ይቻላል። ዲልማን ቃሉን በሀለሐመ ተራ ከሥሩ አንሥቶ፣ በየትኛው መጽሐፍ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚገኝ ምስክር ይጠቅሳል፤ ትርጓሜውን ግን የጻፈው በላቲን ስለ ሆነ፣ ላቲን ላልተማረ ሰው ከምስክሮቹ በቀር ብዙ አይሰጠውም። የዚህን ጕድለት የሚሞላልን፣ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስፋፍተውት፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት በአማርኛ የሚተረጕመው ታላቅ ሥራ ነው። ይህን የሚገልጥ ሰው ቃላቱ የተደረደሩት በአበገደ ተራ መሆኑን ካላወቀ፣ መዝገቡ ያለውን ቃል የለም ብሎ ሊዘጋው ይችላልና፣ አስቀድሞ ተራውን በቃሉ ቢይዝ ይሻለዋል።

በእነዚህ ሁሉ መዛግብት የሚፈልግ አንባቢ በብዛት የሚሰናከለው በፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም ኮምፒዩተሮች የጋራ ሥርዐት ከገባ ወዲህ፣ በየትኛውም አገር ተጽፎ በየትኛውም አገር ሊነበብ ችሏል፤ ነገር ግን ለኮምፒዩተሩ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደ አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ ሳይሆኑ የተለያዩ ናቸው። በላቲን ፊደል የተጻፈውም ርእስ እንዲሁ ነው፤ አንዱ መዝጋቢ የፊደሉን የመጀመሪያ (የግእዝ) ድምፅ በላዩ ሁለት ነጥብ ባለው ፊደል ሲጽፈው፣ ሌላው ያለ ነጥብ ይጽፈዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ፍለጋ ምንም ያላገኘ ሰው፣ መጽሐፉ የለም ብሎ ከመደምደሙ በፊት፣ ስሙን በሌላው አጻጻፍ ደግሞ ይሞክር፤ ይህም ባይሆንለት በቦታው ስም ይፈልግ።

በመጨረሻም ከእነዚህ መዛግብት አንዳች ቃል ወስዶ በጽሑፉ የሚጠቅስ ሰው “በበይነ መረብ ላይ እንደ ተገኘው” ብሎ ማለፍ አይገባውም፤ የመጽሐፉን ቍጥር፣ ቅጠሉንና ፊት ወይም ጀርባ መሆኑን፣ የመዝጋቢውንም ስም ይጻፍ። ቅጠሉ የተነበበው፣ ዘመኑ የተለየው፣ ድርሰቱም የታወቀው በሰው ድካም ነውና፣ ስሙን መጥራት ውለታን መመለስ ነው። ከዚህም በላይ ቍጥሩ በትክክል ከተጻፈ፣ ቀጥሎ የሚመጣው አንባቢ ያንኑ ቅጠል ገልጦ፣ የተባለውን ሊያጸናው ወይም ሊያርመው ይችላል።