የሳይኮሎጂስቱ ፈቃድና የመንፉሃ ጭንቀት

ሪያድ ውስጥ ሳይኮሎጂስት ሆኖ ታካሚ ለማየት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም። በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ በኤምባሲዎቹ ሰፈር የሚገኘው የሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ባለሙያውን መዝግቦ ደረጃ ሊሰጠው ይገባል። ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1992 በንጉሣዊ አዋጅ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሐኪሙን፣ ነርሱንና ፋርማሲስቱን እንደሚመዘግብ ሁሉ ሳይኮሎጂስቱንም ይመዘግባል፤ ፈቃዱንም በየጊዜው ያድሳል። የሙያው ምሁራን የሚሰባሰቡበት ማኅበርም አለ። በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የትምህርትና የሥነ ልቦና ሳይንስ ማኅበር ለዚህ ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ ማን ታካሚ ፊት ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው ኮሚሽኑ ነው።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ባለሙያ መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃው ይጣራል። ማጣራቱን የሚሠራው ዳታፍሎው የሚባል ድርጅት ሲሆን፣ የሚጠይቀውም ዲግሪውን የሰጠውን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ነው። ቀጥሎ በፕሮሜትሪክ ማዕከል በኮምፒውተር ይፈተናል። ይህን ካለፈ ሙማሪስ ፕላስ በተባለው የኮሚሽኑ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ስሙ ይሰፍራል፤ እንደ ትምህርቱና ልምዱም ስፔሻሊስት፣ ሲኒየር ስፔሻሊስት ወይም ኮንሰልታንት ይባላል። ፈቃዱን ለማሳደስ ደግሞ በየጊዜው ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድ አለበት።

ጥብቅነቱ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የሰውን ምሥጢር የሚሰማ፣ የተጎዳን ሰው ወደ ባሰ ጉዳት ሊገፋ የሚችል ሥራ እንደ ሱቅ ንግድ በማንም እጅ ሊገባ አይገባም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2014 የአእምሮ ጤና ክብካቤ ሕግ አውጥታለች። ሕጉ የታካሚውን መብት ይዘረዝራል፤ ሰው ያለ ፈቃዱ ሆስፒታል የሚገባበትን ሁኔታ ይወስናል፤ ይህን የሚከታተሉ የቁጥጥር ምክር ቤቶችንም ያቋቁማል። የአገሪቱ የመጀመሪያ የአእምሮ ሆስፒታል ጣኢፍ ላይ የተከፈተው በ1952 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ርቀት ተሄዷል። ዛሬ ሪያድ ውስጥ ኢራዳ የሚባለው ትልቅ የአእምሮ ጤና ሆስፒታል፣ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ማበልጸጊያ ማዕከልና የስልክ የምክር አገልግሎቱ አሉ፤ እንደ ለቢህ ባሉ መተግበሪያዎችም ከቤት ሳይወጡ ባለሙያ ማግኘት ይቻላል። በ2022 የጤና መድን ምክር ቤት ለአእምሮ ሕክምና የሚሸፈነውን የዓመት ጣሪያ ወደ 50,000 ሪያል ከፍ አድርጓል። ዐረብኛ ለሚናገርና መድን ላለው ሰው ይህ ሁሉ ሰፊ በር ነው።

ይሁንና ይህን ሁሉ ያቀደው ሰው በየትኛው ቁጥር ተመርቶ ነው? ትልቁ መነሻ የሳዑዲ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ጥናት ነው። ጥናቱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 65 የሆኑ 4,004 ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጠየቀ። ከመካከላቸው 34.2 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም እንደገጠማቸው፣ ከታመሙትም አብዛኞቹ ሕክምና እንዳላገኙ አሳየ። ጥሩ ጥናት ነው። የተጠየቁት ግን የሳዑዲ ዜጎች ብቻ ናቸው። የ2022 የሕዝብ ቆጠራ እንደሚያሳየው ከአገሪቱ 32.2 ሚሊዮን ነዋሪ 41.6 በመቶው የውጭ ዜጋ ነው። የአገሪቱ የአእምሮ ጤና ካርታ ሲሣል፣ ከአሥር ነዋሪ አራቱ ያህል ከካርታው ውጭ ቀርተዋል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በዜጎች መወሰናቸው በሙያ ደረጃ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቢሆንም ቁጥር የሌለው ሕመም በጀት አያገኝም፤ በጀት የሌለው አገልግሎት ደግሞ ባለሙያ አይቀጥርም።

ከካርታው ውጭ የቀሩት የት እንዳሉ ለማየት ወደ ከተማዋ ደቡብ መውረድ ነው። ዑድ የሳዑዲ ነገሥታት ያረፉበት መቃብር የሚገኝበት የቆየ ሰፈር ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲኬድ መንፉሃ ይመጣል፤ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያውያን መኖሪያ፣ እንጀራና ቡና የሚሸጥበት፣ ከቤተሰብ ዜና የሚሰማበት ሰፈር ነው። በኖቬምበር 2013፣ ያለ ፈቃድ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ባለቀ በቀናት ውስጥ፣ የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት የተነሣው እዚሁ ነው። በቀጣዮቹ ወራት 160,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2017 ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን የማስወጣት ሁለተኛ ዘመቻ መጣ፤ በ2022 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ከ100,000 በላይ ሰዎችን ለመመለስ ተስማሙ። ብዙዎቹ ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ የመጡ ናቸው፤ አንዳንዱ በኮንትራት፣ አንዳንዱ በየመን በኩል በባሕር።

በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ጭንቀት ሲያጠቃት የሚሆነውን እናስብ። መጀመሪያ የምትናገረው ስለ ጭንቀት አይደለም። ራሷን ይወጋታል፣ ጨጓራዋ ይነድዳል፣ ልቧ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ማዳም ካዘነችላት ክሊኒክ ትወስዳታለች። እዚያ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣታል። ዐረብኛዋ የወጥ ቤትና የጽዳት ዐረብኛ ስለሆነ ሌላውን ነገር ብትፈልግም ልትናገር አትችልም። ደግሞስ በማን ፊት? አስተርጓሚዋ አሠሪዋ ራሷ ናት። መድኑም አጠያያቂ ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለቤት ሠራተኛ የጤና መድን መግዛት ግዴታ የሆነው ከአራት በላይ ሠራተኛ ላላቸው አሠሪዎች ነው፤ አንዲት ሠራተኛ ብቻ ያለችበት ተራ ቤት በዚያ ግዴታ ውስጥ አልገባም። ከከፊሏ (ከአሠሪዋ) ቤት ወጥታ ያለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ቤት መሄድ ራሱ ወደ ተርሂል (ከአገር መባረር) የሚወስድ መንገድ ሆኖ ይታያታል። ስለዚህ ትታገሣለች፤ ሌሊት በኢሞ የስልክ መተግበሪያ እናቷን ታናግራለች፤ እናቷ እንዳትጨነቅ ደግሞ ደህና ነኝ ትላለች።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኛ ወገን ጥሩ ሥራ አለ። በ2009 አታላይ ዓለምና ቻርሎት ሃንሎን ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን በመካከለኛው ምሥራቅ ሠርተው ስለተመለሱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የአእምሮ ጤና ጥናት አወጣ። ሴቶቹ ራሳቸው አእምሯችንን ጎዳው ያሉት በአራት ነገሮች ይጠቃለላል፤ የጉልበት ብዝበዛና ክፉ አያያዝ፣ ከወገን ተነጥሎ መኖር፣ የባህል ማንነት መገፋት፣ ያሰቡትን ሳያሳኩ መቅረት። ከአራቱ ሁለቱ፣ መነጠልና የማንነት መገፋት፣ በደመወዝ ጭማሪ የሚፈወሱ አይደሉም። ስሟ ተቀይሮ በሌላ ስም ስትጠራ፣ በቋንቋዋ የምታወራው ሰው ሳታገኝ ወራት ሲያልፉ፣ የራሷ በዓል መቼ እንደዋለ ሳታውቅ ሲያልፍባት የሚደርሰው ጉዳት ከውል ውስጥ አይጻፍም። ጥናቱ ጠባቂ ሆነው ያገኛቸው ነገሮችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ የራስን ማንነት አጥብቆ መያዝና ከወገን ጋር የማኅበራዊ መደጋገፍ ገመድ መዘርጋት። መንፉሃ ያለው ቡና ቤት፣ የዕቁብ ማኅበሩ፣ በዓርብ የዕረፍት ቀን የሚደረገው መሰባሰብ ተራ ጨዋታ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ለሳይኮሎጂስቱም መነሻ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሩቅያ (ለፈውስ የሚቀራ ቁርአን) ያስቀራችውን ወይም ጠበል የናፈቀችውን ሴት ሳይንቅ የሚያስተናግድ ባለሙያ የእሷ ጥንካሬ የት እንዳለ ያውቃል።

መሣሪያውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሃያ ጥያቄ ያለው መለያ ቅጽ ወደ አማርኛ ተመልሶ ቡታጅራ ላይ ተፈትሿል፤ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እንቅልፍ ጠይቆ ቀስ በቀስ ወደ ሐዘንና ራስን ወደማጥፋት ሐሳብ የሚደርስ ስለሆነ ሕመሟን በሰውነቷ ለምትናገር ሴት የተሰፋ ያህል ይስማማል። ድብርትን የሚለየው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅጽም አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሾ በ2013 ታትሟል። መመዘኛው በእጅ እያለ የሚጎድለው በእሱ እንዲሠራ የተፈቀደለት አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ነው። ያኔ ጉዳዩ ወደ ፈቃዱ ይመለሳል።

አዲስ አበባ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ሳይኮሎጂስት ሪያድ ያለችን እህት በስልክ ማማከር ይችላል? በቴክኒክ ይችላል፤ በሙያ ሕግ ግን ጥያቄው ከባድ ነው። በአብዛኛው የሙያ ሥርዓት ሕክምናው የሚፈጸመው ታካሚው ባለበት ቦታ እንደሆነ ይታሰባል። ስለዚህ ባለሙያው የአገሩ ፈቃድ ቢኖረውም በታካሚዋ አገር ያልተመዘገበ ነው። ስህተት ቢሠራ ማን ይጠይቀዋል? ሕይወቷን ለማጥፋት እያሰበች እንደሆነ ቢረዳ ሪያድ ውስጥ ማንን ይጠራል? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት ለሳይኮሎጂስት የየራሱን ፈቃድ ስለሚሰጥ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው በስልክ ማከም ችግር ሆኖ ቆይቶ ነበር። የፈቃድ ሰጪ ቦርዶቹ ማኅበር ፒሲፓክት የሚባል ስምምነት አዘጋጀ፤ ግዛቶቹ በየሕግ አውጪያቸው እያጸደቁት ገቡበት፤ በ2020ም ሥራ ጀመረ። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ፈቃድ ሰጪዎቹ እርስ በርስ ከተማመኑና የዲሲፕሊን መረጃ ከተለዋወጡ ታካሚውን ድንበር አያግደውም።

ኢትዮጵያና ሳዑዲ በአንድ ሌሊት እንዲህ ዓይነት ስምምነት ላይ ይደርሳሉ አልልም። የእኛ ሙያ ገና ወጣት ነው። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ነበሩ። ዛሬ በሳይካትሪም በክሊኒካል ሳይኮሎጂም በአገር ውስጥ ይሠለጠናል፤ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጥቷል። የኢትዮጵያ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር በስደተኞች ጉዳይ ሊሠራ የሚችለው ብዙ ነገርም የማንንም ስምምነት አይጠብቅም። ሪያድ ሄደው መሥራት የሚፈልጉ ወጣት ባለሙያዎችን ለዳታፍሎው ማጣራትና ለፕሮሜትሪክ ፈተና ማዘጋጀት ይችላል፤ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ አሥር የተመዘገቡ ሳይኮሎጂስቶች እንኳ ለከተማዋ ትልቅ ለውጥ ናቸው። ሪያድ ከሚገኘው የኢትዮጵያውያን ኮሙኒቲ ጋር ሆኖ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለባቸው፣ በአእምሮ ጤና ቋንቋ የሠለጠኑ አስተርጓሚዎችን ማፍራትም ይችላል። ከሁሉ ቀድሞ መሠራት ያለበት ይህኛው ይመስለኛል። ፈቃድ ያለው ሳዑዲያዊ ሳይኮሎጂስት አሁንም ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚያስፈልገው አሠሪ ያልሆነ፣ ዘመድም ያልሆነ፣ ቃሏን ሳያለዝብና ሳያጋንን የሚያደርስ ሰው ነው።

ቅድመ ጉዞ ሥልጠናውም የማኅበሩን እጅ ይፈልጋል። ሁለቱ አገሮች በ2017 የሥራ ስምሪት ስምምነት ከፈረሙ፣ ኢትዮጵያም ዜጎቿ ለሥራ ወደዚያ እንዳይሄዱ ጥላው የነበረውን እገዳ በ2018 ካነሳች ወዲህ በኮንትራት የምትሄድ ሴት በአገር ውስጥ መሠልጠን አለባት። የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠቃቀም በሚያስተምር ሥልጠና ውስጥ የጭንቀትን ምልክት ማወቅ፣ ከባሰ ለማን መደወል እንዳለባት፣ አንዲት ጓደኛ ራሷን መጉዳት ስታስብ ምን ማድረግ እንደሚገባ ግማሽ ቀን ሊሰጠው ይገባል። ይህን የሚያስተምረው ሰው ከማኅበሩ አባላት መካከል ቢሆን ሴቲቱ ከመሄዷ በፊት የአንድን ባለሙያ ፊት አይታለች ማለት ነው።

ሌላው ክፍተት መመለሻው ላይ ነው። ታማ የምትመለስ ሴት ቦሌ ስትደርስ፣ ኢራዳ ተኝታ ታክማ ከነበረ እንኳ የሕክምና ፋይሏ አብሯት መምጣቱ እርግጠኛ አይደለም። በአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወይም እንደ አጋር ኢትዮጵያ ባለ በጎ አድራጊ ማኅበር የሚቀበላት ሐኪም ምን መድኃኒት ስትወስድ እንደነበር፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመራት ካላወቀ እንደ አዲስ ይጀምራል። የተጀመረ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ የሚፈርመው፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተሞላ የአንድ ገጽ የማስተላለፊያ ቅጽ ይህን ይፈታል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሪያዱ ኮሚሽንና የአዲስ አበባው ማኅበር የሚጻጻፉበት አንድ ተጠሪ በየበኩላቸው መሰየማቸው፣ ቅጹንም ታካሚዋ ፈቅዳ የራሷን ግልባጭ ይዛ እንድትወጣ ማድረጋቸው ነው።