ሒሳብና ሳይንስ በቪዲዮ፦ ከፕላዝማ እስከ ስልክ

በኢትዮጵያ ሒሳብንና ሳይንስን በተቀረጸ ምስል የማስተማር ሰፊው ሙከራ የተጀመረው የኢንተርኔት ቪዲዮ ከመስፋፋቱ በፊት ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ የዋለውና በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ትምህርት ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በተመሳሳይ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ስለሚሰራጭ፣ ቤተ ሙከራ ያልነበራቸው ተማሪዎች ሙከራውን በምስል እንዲያዩ ቢያስችልም፣ ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው ከመግቢያና ከማጠቃለያ ደቂቃዎች ያለፈ አልነበረም፤ መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት ያልፍ ነበር፣ ያልገባው ተማሪም ሥርጭቱን ማስቆም አይችልም ነበር።

የኢንተርኔት ቪዲዮ የለወጠው ይህንኑ የጊዜ ባለቤትነት ነው። የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 የኮርሶቹን ማስተማሪያ በነፃ ለመልቀቅ መወሰኑን አስታወቀ፤ አሜሪካዊው ሳልማን ካን ደግሞ አንዲት ዘመዱን በርቀት ሒሳብ ከማስጠናት ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አጫጭር ትምህርቶችን በዩቲዩብ መጫን ጀመረና ካን አካዳሚ የተባለውን የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅት መሠረተ።

የልዩነቱን ክብደት ለማየት ኳድራቲክ ኢኩዌሽንን፣ ማለትም ያልታወቀው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚገኝበትን እኩልታ፣ መውሰድ ይበቃል። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የቁጥሩ 6 እጥፍ ሲደመርበት 16 ቢሆን፣ አስተማሪው የ6ን ግማሽ 3ን በራሱ አባዝቶ ያገኘውን 9 በሁለቱም ወገን ይደምራል፤ ግራው «ቁጥሩ ሲደመር 3» በራሱ የተባዛ፣ ቀኙም 25 ስለሚሆን፣ «ቁጥሩ ሲደመር 3» 5 ወይም ኔጋቲቭ 5፣ መልሱም 2 ወይም ኔጋቲቭ 8 ይሆናል። «9 ከየት መጣ?» የሚለው ተማሪ በፕላዝማ ጊዜ ቀሪውን ሁሉ ያጣ ነበር፤ በስልኩ ግን ወደኋላ መልሶ ያንኑ ደረጃ ደግሞ ያያል።

ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤናም ሆነ በቤቴልና በዓለም ባንክ ሰፈሮች ለሚኖር ተማሪ፣ ቀድሞ መንግሥት የሸፈነው የሥርጭት ወጪ ወደ ቤተሰቡ የኢንተርኔት ጥቅል ተሸጋግሯል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱን በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ለማዳረስ ቢሞከርም፣ የራሱ ስልክ ያለውና የወላጁን ስልክ ማታ ብቻ የሚያገኘው ተማሪ እኩል ሊጠቀሙ አልቻሉም። አንድ ጊዜ አውርዶ በሚሞሪ ካርድ መቀባበል ወጪውን ያቀልላል፤ በአማርኛ የሚያብራሩ ቪዲዮዎችም፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የቋንቋውን ጫና ይቀንሳሉ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ የትምህርቱ ችግር ቪዲዮ ሊሞላው ከሚችለው የማስረዳት እጥረት የሰፋ መሆኑን ይጠቁማል። ቪዲዮ የሌላውን አሠራር እንጂ የተማሪውን ስሕተት ስለማያይ፣ ተማሪው ሳይጽፍ ተከትሎ ብቻ «ገባኝ» ሊል ይችላል። ስለሆነም የሚሻለው አጠቃቀም፣ መምህሩ ቪዲዮውን መርጦና በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አስቀምጦ ማብራሪያውን ለቪዲዮው ሲተው፣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ደብተር እያየ ለማረም የሚያውልበት ነው።