ትንቢቱ «ግደል» አላለም

ሹመትን መመኘት በራሱ ነውር አይደለም። የተሾመውን ሰው «ሹመት ያዳብር» ብለን የምንመርቀው ሥልጣን ለበጎ ሥራ ሊውል እንደሚችል ስለምናምን ነው። ይሁን እንጂ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም ከዚያው ከአፋችን የሚወጣ ነው። ልጆቻችን ሁለቱንም እየሰሙ ያድጋሉ፤ የትኛውን እንደሚይዙ ግን አናውቅም።

ባለፈው ሰሞን እዚህ ሞጆ ለማስተምራቸው ተማሪዎች ዊልያም ሼክስፒር የጻፈውን «ማክቤዝ» የተባለውን አሳዛኝ ቴአትር የመጀመሪያ ገቢር ስተርክላቸው፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «መምህር፣ ንጉሥ እንደሚሆን አስቀድሞ ከተነገረው፣ ጥፋቱ የእርሱ ነው ወይስ የዕድሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። ደወል ስለ ተደወለ በቂ መልስ ሳልሰጣት ተለያየን። ጥያቄዋ ግን እቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ የእርሷ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ጥያቄ ነውና።

ቴአትሩ የተጻፈው በ1606 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለ መለሰው ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። ማክቤዝ በስኮትላንድ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። በ1040 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ደንከን ከእርሱ ጋር ሲዋጋ በጦር ሜዳ ሞተና ማክቤዝ 17 ዓመት ነገሠ። ሼክስፒር ግን ታሪኩን ለውጦ ደንከንን በዕድሜ የገፋ ደግ ንጉሥ አደረገው፤ የሚሞተውም በጦር ሜዳ ሳይሆን በማክቤዝ ቤት በእንግድነት በተኛበት ሌሊት እንዲሆን አደረገ። ይህን ያደረገው የሰውን ኅሊና ሊመረምር ስለ ፈለገ ይመስለኛል።

ማክቤዝና ጓደኛው ባንኮ ድል አድርገው ሲመለሱ ሦስት ጠንቋዮች በመንገድ ላይ ይገጥሟቸዋል። ማክቤዝን አስቀድሞ በያዘው በግላሚስ ገዥነት፣ ቀጥሎም በኮዶር ገዥነት፣ በመጨረሻም ወደ ፊት ንጉሥ በመሆኑ እያመሰገኑ ሰላምታ ሰጡት። ባንኮንም ራሱ ባይነግሥ ዘሩ እንደሚነግሥ ነገሩት። ጥቂት ቆይቶ የንጉሡ መልእክተኛ ደርሶ ማክቤዝ በኮዶር ላይ መሾሙን አበሠረ። ማክቤዝም የጠንቋዮቹ ቃል እንደ ተፈጸመ ቈጥሮ ተደነቀ። አንባቢ ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ንጉሡ ሹመቱን የሰጠው ጠንቋዮቹ ማክቤዝን ከማግኘታቸው በፊት ነው። እነርሱ የነገሩት ተቈርጦ ያለቀውን፣ ወደ ጆሮው ግን ገና ያልደረሰውን ወሬ ነበር። የጠንቋይ ጥበብ ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም።

ባንኮ ይህን ጠረጠረ፤ የጨለማ ኃይሎች በጥቂት እውነት አባብለው ወደ ትልቅ ጥፋት እንደሚወስዱ ለጓደኛው ነገረው። ሁለቱ ሰዎች ከአንድ አፍ፣ በአንድ ሰዓት ትንቢት ሰምተዋል። አንዱ ተጠራጥሮ ዝም ሲል፣ የሌላው ልብ ግን ወዲያው የግድያ ሐሳብ አፈለቀ። በጠንቋዮቹ ቃል ውስጥ ግን «ግደል» የሚል አንዲት ቃል እንኳ አልነበረችም።

እርሱም ቢሆን በጥድፊያ አልገደለም። ዕድል ሊያነግሠኝ ከፈለገ እኔ እጄን ሳላነሣ ያንግሠኝ ብሎ ለአፍታ አስቦ ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ልጁን ማልኮምን አልጋ ወራሽ አድርጎ ሲሰይም ትዕግሥቱ አለቀ። የገቢሩ መጨረሻ በሆነው በሰባተኛው ትዕይንት፣ ንጉሡ እራት ላይ ሳለ፣ ማክቤዝ ብቻውን ቆሞ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ደንከን ዘመዱ ነው፤ ንጉሡ ነው፤ ከሁሉ በላይ እንግዳው ነው። ገዳይ ሲመጣ በር መዝጋት የሚገባው ባለቤት ራሱ ቢላዋ እንዴት ያነሣል? ለግድያው ከሹመት ምኞት በቀር አንዳች ምክንያት እንደሌለው ለራሱ መሰከረ፤ ለሚስቱም ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ አላት። እርሷ ግን ወንድነቱን ነቀፈችበት፤ በዚህም ተሸነፈ። በእኛም አገር በ«ወንድ አይደለህምን?» ተገፍቶ ደም ያፈሰሰ ስንት ሰው አለ!

እንግዲህ ማክቤዝ የወደቀው ክፉን ከበጎ መለየት አቅቶት አይደለም፤ እያወቀ ነው። ከዚህ ጋር የዳዊትን ነገር እናስተያይ። ዳዊት ንጉሥ እንደሚሆን የተነገረው በጠንቋይ አፍ ሳይሆን በነቢዩ በሳሙኤል እጅ ተቀብቶ ነው። የሚያሳድደው ሳኦል በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ በእጁ በወደቀ ጊዜ ሰዎቹ ቀኑ ዛሬ ነው አሉት። እርሱ ግን የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ ስለዚያም እንኳ ልቡ ወቀሰው። እውነተኛ ተስፋ የተሰጠው ሰው ጠበቀ፤ ሊጠብቅ ያልቻለው ሳኦል ግን በመጨረሻ በዓይንዶር መናፍስት ጠሪ ቤት ተገኘ።

በገዛ ታሪካችንም የትንቢት ኃይል ታይቷል። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በፍትሕና በሰላም እንደሚገዛ በፍካሬ ኢየሱስ የተጻፈውን ሕዝቡ ይጠባበቅ ነበር። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉም በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ይህንኑ ስም ያዘ። ድካሙና የአንድነት ሐሳቡ ታላቅ ነበር፤ የተጠበቀው ሰላም ግን ከስሙ ጋር አልመጣም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠለ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የገዛ ነፍሱን አጠፋ። ስም ከትንቢት ሊወሰድ ይችላል፤ የየዕለቱ ሥራ ግን የሰውየው የራሱ ነው።

ስለ ነገሥታት ይህን ያህል ካልሁ የራሴንም ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በማስተምርበት በአንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ባልደረባዬ ቡና ላይ፣ «ከዚህ ሰውዬ ቀጥሎ ዲሬክተር የምትሆነው አንተ ነህ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዲሬክተሩን ስሕተት መቍጠር ያዝሁ። ታሞ በቀረ ጊዜ በልቤ ደስ አለኝ። በኋላም ባልሠራው ጥፋት ሲከሰስ እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልሁ። እርሱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ወንበሩም ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከዓመታት በኋላ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገሩን ነግሬ ይቅርታ ስጠይቀው፣ ለብዙ ጊዜ ዝም አለና፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አለኝ። በዚያች ዝምታው ውስጥ የእኔን ዝምታ ክብደት አወቅሁ። እኔ ቢላዋ አላነሣሁም፤ መንገዱ ግን ያው የማክቤዝ መንገድ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችን ታላቅ ሰው ትሆናላችሁ ስንል፣ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሆኑ አብረን እንንገራቸው። የልጃችንን ዕድል ለማወቅ ወደ ጠንቋይ ደጅ አንሂድ። ስናጠፋም «ተጽፎብኝ ነው» እያልን ጥፋታችንን በዕድል አናሳብብ።

ለጠየቀችኝ ተማሪም መልሴ ይህ ነው። በከተማችን መንታ መንገድ ላይ አንዱ ጐዳና ወደ አዳማ፣ ሌላው ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። ሰሌዳው መንገዱ የት እንደሚያደርስ ይናገራል እንጂ የመኪናውን መሪ አይጠመዝዝም። መሪው በሾፌሩ እጅ ነው። ማክቤዝም ሰሌዳውን አነበበ፤ መሪውን ያዞረው ግን ራሱ ነው።